ትምህርት አሥራ አራት፦ አዲስ መሣሪያን የሚገልጽ ድርሰት

ባለፈው ትምህርት ስለ ገላጭ ድርሰት ጠባይ ተመልክታችኋል። የተራኪ ድርሰት ዋና ጉዳይ «ምን ሆነ?» የሚለው ጥያቄ ሲሆን፣ የገላጭ ድርሰት ዋና ጉዳይ ግን «ምን ዓይነት ነው? እንዴትስ ይሠራል?» የሚለው መሆኑን አስታውሱ። በዚያ ትምህርት የገለጻችሁት ጎጆ ቤትን፣ መሶብንና የቡና አፈላልን ነበር። እነዚህን ለመግለጽ ብዙ አትቸገሩም፤ ቋንቋችን ለእያንዳንዱ ክፍላቸው ከጥንት ጀምሮ ስም አውጥቶላቸዋልና። ምሰሶ፣ ማገር፣ ጉልላት ብሎ መጥራት ብቻ ጎጆውን ለአንባቢው ግማሽ በግማሽ ይሠራለታል። ዛሬ የምናጠናው ከዚህ የከበደ ነው። ቋንቋው ገና ስም እያወጣለት ያለ መሣሪያ እንዴት ይገለጻል?

ለምሳሌነት የመረጥነው ምናልባት ከመምህራችሁ ይልቅ እናንተ የምታውቁትን ነገር ነው። ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በምዕራብ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በሰሜን ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ይገኛሉ። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል። በእነዚህ ከተሞች እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ ወጣቶች ገንዘብ እየከፈሉ የእግር ኳስ ጌም የሚጫወቱባቸው «ፕሌይስቴሽን ቤቶች» አሉ። ከቤቶቹም አንዳንዶቹ «ኤችዲ»፣ «ፍላት»፣ «ሰራውንድ» የሚሉ ቃላት በበራቸው ላይ ይጽፋሉ። እነዚህ ቃላት ምን ማለት እንደ ሆኑ፣ የተጻፈውም እውነት መሆን አለመሆኑ እንዴት እንደሚታወቅ የሚያስረዳ ድርሰት ጻፉ ብትባሉ ከየት ትጀምራላችሁ?

ሀ/ የሚለካና የማይለካ ቅጽል

አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሚከተለውን አንቀጽ ጻፈ እንበል።

«በሰፈራችን አዲስ ጌም ቤት ተከፍቷል። ቴሌቪዥኑ በጣም ትልቅ ነው። ምስሉም በጣም ጥራት ያለው ነው። ድምፁ ደግሞ በጣም አስገራሚ ነው። ሰው ሲጫወትበት እውነተኛ ስታዲየም ውስጥ ያለ ይመስለዋል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ የሰዋስው ስሕተት አይገኝም። ባለቤቱና ማሰሪያ አንቀጹ ተስማምተዋል፤ አራት ነጥቡም በቦታው ነው። ይሁን እንጂ አንቀጹን አንብቦ የጨረሰ ሰው ስለ መሣሪያው ያወቀው ነገር የለም። «በጣም» የሚለው ተውሳከ ግሥ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። «ትልቅ»፣ «ጥራት ያለው»፣ «አስገራሚ» የሚሉት ቃላት የጸሐፊውን መደነቅ ይነግሩናል እንጂ የመሣሪያውን ጠባይ አይነግሩንም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ጥቁርና ነጩን ምስል ያየ ሰው ይህንኑ አንቀጽ ሊጽፈው ይችል ነበር፤ በ1977 ዓ.ም. የቀለም ምስል ሲመጣም እንደዚያው።

እንግዲህ «ጥራት ያለው» ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ እንመርምር። የቴሌቪዥን ምስል የሚሠራው ከጥቃቅን ባለ ቀለም ነጥቦች ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሠራውን የነጠላ ጥለት አስቡ። ከሩቅ ሲታይ ጠርዙ የተስተካከለ የሚመስለው ሐረግ፣ ዓይናችሁን አቅርባችሁ ስታዩት እንደ ደረጃ የተሰባበረ ነው። ሸማኔው ያለው ቀጥ ያለ ድርና አግድም ማግ ብቻ ስለ ሆነ፣ ጎባጣውን መሥመር የሚያወጣው ትንንሽ አራት ማዕዘኖችን በማከታተል ነው። ፈትሉ በቀጠነ መጠን ደረጃው እየጠፋ፣ ሐረጉም እየለዘበ ይሄዳል። የቴሌቪዥኑም ነገር እንዲሁ ነው። የቀድሞው ቴሌቪዥን ምስል በነጥብ ሲቆጠር በአግድም 720፣ በቁም 576 ያህል ነበር፤ ሲባዛ 414,720 ነጥብ ይሆናል። «ኤችዲ» የሚባለው ከ1280 በ720 ይጀምራል፤ ይኸውም 921,600 ነጥብ ነው። «ሙሉ ኤችዲ» የሚባለው 1920 በ1080 ሆኖ 2,073,600 ነጥብ ሲኖረው፣ «ፎር ኬ» የሚባለው ደግሞ 3840 በ2160፣ ማለትም 8,294,400 ነጥብ አለው። በእነዚህ ነጥቦች ብዛት የተጫዋቹ የማሊያ ቁጥር ከሩቅ ይነበባል ወይም አይነበብም፤ የግቡ መረብ መረብ ይመስላል ወይም ግራጫ ጭጋግ ይመስላል።

አሁን «ምስሉ በጣም ጥራት ያለው ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አስወግዳችሁ በቦታው «ምስሉ 1920 በ1080 ነጥብ ስላለው የተጫዋቾቹ የማሊያ ቁጥር ከሜዳው ማዶ ይነበባል» የሚለውን አግቡ። «በጣም» ጠፍቷል፤ አንባቢው ግን ከበፊቱ ይልቅ ያያል። ቁጥሩ ብቻውን ቢጻፍ ኖሮ ደረቅ በሆነ ነበር። የሚታየው ውጤት ብቻውን ቢጻፍም ማረጋገጫ ባልኖረው ነበር።

ቁጥር ግን የሚያታልልበት ጊዜ አለ። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው እስከ ተወሰነ ርቀት ድረስ ነው። ወርዱ 71 ሳንቲ ሜትር ያህል በሆነ ባለ 32 ኢንች መስኮት ላይ 1920 ነጥብ ቢደረደር፣ የእያንዳንዱ ነጥብ ወርድ ከ0.4 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ከ1.3 ሜትር ገደማ ወዲያ የተቀመጠ ሰው እነዚህን ነጥቦች አንድ በአንድ መለየት ያዳግተዋል። ስለዚህ በዚሁ ቴሌቪዥን ላይ በግድግዳው ጥግ ቆሞ ተራውን ለሚጠብቀው ልጅ ከሙሉ ኤችዲ ወደ ፎር ኬ መሻገር ይህን ያህል የሚታይ ለውጥ አያመጣለትም። ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ «ነጥቡ ስለ በዛ ይሻላል» ብሎ አይቆምም፤ «ለማን? ከየት ሆኖ ለሚያይ?» ብሎ ይጠይቃል።

ለ/ ንጽጽርና «እጥፍ» የሚለው ቃል

የአማርኛ ቅጽል በንጽጽር ጊዜ መልኩን አይለውጥም። «ትልቅ» ምንጊዜም «ትልቅ» ነው። ንጽጽሩን የሚሸከሙት «ከ» የሚለው መስተዋድድ፣ «ይልቅ» እና «ይበልጥ» የሚሉት ቃላት፣ እንዲሁም «በለጠ»፣ «አነሰ»፣ «ላቀ» የሚሉት ግሦች ናቸው። ስለዚህ «አዲሱ ምስል የበለጠ ጥራት አለው» ብሎ ማቆም ንጽጽሩን አንድ እግሩን አንሥቶ እንዲቀር ማድረግ ነው። ከምን? በምን ያህል?

«እጥፍ» የሚለውን ቃል በተለይ ተጠንቀቁበት። የሙሉ ኤችዲ ነጥቦች የቀድሞው ቴሌቪዥን ነጥቦች አምስት እጥፍ ናቸው፤ 414,720ን በ5 አባዝታችሁ ልታረጋግጡ ትችላላችሁ። «በአምስት እጥፍ ይበልጣል» ብትሉ ግን አንዱ አንባቢ አምስት፣ ሌላው ስድስት አድርጎ ሊረዳው ይችላል። ፎር ኬን በተመለከተ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በአግድምም ሆነ በቁም ቢቆጠር የነጥቦቹ ብዛት የሙሉ ኤችዲ እጥፍ ነው፤ የሁለቱ ብዜት ግን አራት እጥፍ ይሆናል። «እጥፍ ነው» የሚለውም «አራት እጥፍ ነው» የሚለውም ሐሰት አይደለም፤ የተቆጠረው ነገር ተለይቶ ካልተጻፈ ግን ሁለቱም ጸብ ያስነሣሉ። ማስታወቂያ ጸሐፊዎች የሚመርጡት ሁልጊዜ ትልቁን ቁጥር ነው።

ሐ/ ምክንያትንና ውጤትን ማያያዝ

ገላጭ ድርሰት የመሣሪያውን አሠራር ሲያስረዳ ክፍሎቹን በየተራ መጥራት አይበቃውም፤ አንዱ በሌላው ላይ ያለውን ሥልጣን ማሳየት አለበት። ለዚህ የሚከተለውን እውነተኛ ጉዳይ አስተውሉ።

የሶኒ ኩባንያ ፕሌይስቴሽን 2ን እ.ኤ.አ. በ2000 ሲያወጣ የታሰበው ለቀድሞው ዓይነት ቴሌቪዥን ነበር። ማይክሮሶፍት በ2005 ኤክስቦክስ 360ን፣ ሶኒ ደግሞ በ2006 ፕሌይስቴሽን 3ን ሲያወጡ ግን «የቀጣዩ ትውልድ» መሣሪያዎች መጡ ተባለ፤ የትውልዱም ዋና ምልክት የኤችዲ ምስልና ሰፊው መስኮት ነበሩ። (በነገራችን ላይ «ቀጣዩ ትውልድ» የሚለው አባባል በ2013 ለፕሌይስቴሽን 4፣ በ2020 ለፕሌይስቴሽን 5 እንደገና አገልግሏል። «አዲስ»፣ «ዘመናዊ»፣ «ቀጣይ» የሚሉት ቃላት ስለሚያረጁ በድርሰታችሁ ውስጥ ዓመቱን ጻፉ።) አሮጌው መሣሪያም ቶሎ አልሞተም፤ ፊፋ 14 የተባለው የእግር ኳስ ጌም እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ለፕሌይስቴሽን 2 ጭምር ተዘጋጅቶ ነበር።

ፕሌይስቴሽን 3 የኤችዲ ምስል የማውጣት ችሎታ ነበረው። ነገር ግን ከካርቶኑ ውስጥ አብሮት የሚገኘው ገመድ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው የቀድሞው ገመድ ነበር። ከሦስቱ ምስል የሚያስተላልፈው ቢጫው ብቻ ሲሆን፣ ቀይና ነጩ የቀኝና የግራ ድምፅ ናቸው። ይህ ቢጫ ገመድ የሚችለው የቀድሞውን ዓይነት ምስል ብቻ ነው። በመሆኑም አንድ ሰው ገንዘቡን አጠራቅሞ ጠፍጣፋ የኤችዲ ቴሌቪዥንና ፕሌይስቴሽን 3 ገዝቶ በባለ ሦስት ቀለሙ ገመድ ቢያገናኛቸው፣ በመስኮቱ ላይ የሚታየው ምስል ኤችዲ አይሆንም። በበሩ ላይ «ኤችዲ ጌም አለ» ብሎ ቢጽፍ ውሸታም ልንለው አንችልም፤ መሣሪያውም ቴሌቪዥኑም በእርግጥ ኤችዲ ናቸውና። ከፍሎ የሚጫወተው ልጅ ግን የከፈለበትን አላገኘም። ኤችዲኤምአይ የሚባለው ገመድ ይህን ይፈታዋል። ፕሌይስቴሽን 4 ለምስል የኤችዲኤምአይ መውጫ ብቻ ስላለው ችግሩ ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው ቀርቷል።

ይህን ለማያውቅ ሰው እንዴት ታስረዱታላችሁ? የቡራዩ ልጅ ከሆናችሁ ምሳሌው ከደጃችሁ አለ። የገፈርሳ ግድብ እስከ አፉ ቢሞላ፣ የቤቱም በርሜል ትልቅ ቢሆን፣ በመካከል ያለው ቧንቧ ቀጭን ከሆነ በርሜሉ ውስጥ የሚወርደው ቀጭን ውኃ ነው። ግድቡ መሣሪያው፣ ቧንቧው ገመዱ፣ በርሜሉ ቴሌቪዥኑ ነው። ይህ ዓይነቱ ምሳሌ ጥሩ የሚሆነው እያንዳንዱ ክፍል በሌላው ወገን አቻ ሲኖረው ነው። የምሳሌውንም ድንበር እወቁ። በርሜሉ ውሎ አድሮ ይሞላል፤ ምስሉ ግን ሌሊቱን ቢጠበቅ ኤችዲ አይሆንም።

ስለ ገመዱ በሚናገረው አንቀጽ ውስጥ «ነገር ግን» እና «በመሆኑም» የሚሉት መስተጻምሮች የቆሙበትን ቦታ ተመልከቱ። እነዚህ ቃላት ለጌጥ የሚገቡ አይደሉም። አንዱን ብታነሡት የሚቀሩት ዐረፍተ ነገሮች እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ይሆናሉ።

መ/ ሰፊው መስኮት

የቀድሞው ቴሌቪዥን መስኮት ወርዱ 4 ቢሆን ቁመቱ 3 ነበር። የዛሬው ግን ወርዱ 16 ሲሆን ቁመቱ 9 ነው። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ቴሌቪዥኖች ብናስተያይ፣ የአዲሱ ወርድ የአሮጌውን በአንድ ሦስተኛ ይበልጣል።

ስለ ምን ወደ ጎን ሰፋ? በእንጦጦ ጀርባ ቆማችሁ የሱሉልታን ሜዳ ቁልቁል ስትመለከቱ ዓይናችሁ የሚጓዘው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ሁለቱ ዓይኖቻችን ጎን ለጎን የተቀመጡ ስለ ሆኑ የምናየው ዓለም ከቁመቱ ወርዱ ይሰፋል። የእግር ኳስ ሜዳም እንደዚሁ ረጅሙ ጎኑ ወደ ጎን ተዘርግቶ ነው በመስኮቱ የሚታየው። በአሮጌው መስኮት የመሐል ተጫዋቹ ኳስ ሲይዝ የመሥመር አጥቂው ብዙውን ጊዜ ከመስኮቱ ውጭ ስለሚሆን፣ ተጫዋቹ ያቀብል የነበረው በግምት ነው። በሰፊው መስኮት ግን አጥቂው ሲሮጥ ይታያል። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው፣ መስፋቱ ምስሉን ብቻ ሳይሆን አጨዋወቱንም የሚለውጥ መሆኑ ነው።

በአንዳንድ ቤቶች ለአሮጌው መስኮት የተሠራው ምስል ሰፊውን መስኮት እንዲሞላ ተብሎ ወደ ጎን ይለጠጣል። ያን ጊዜ ተጫዋቾቹ ሁሉ ድንገት የወፈሩ ይመስላሉ፤ የመሐል ሜዳው ክብ ሞላላ ይሆናል፤ ኳሱም የዶሮ እንቁላል ይመስላል። አንድ ቤት ገብታችሁ ምስሉ በትክክል መቅረቡን ለማወቅ ብትሹ ሌላ ምርመራ አያስፈልጋችሁም፤ ክቡን ተመልከቱ።

ሠ/ ከባቢ ድምፅና የአቅጣጫ ቃላት

በሰበታ የጅማን መንገድ ዳር ይዛችሁ ስትሄዱ ከኋላችሁ ጭነት የያዘ መኪና ቢመጣ፣ ሳትዞሩ ታውቁታላችሁ። በየትኛው ጎናችሁ እንደሚያልፍም ታውቃላችሁ። ይህ የሚሆነው ሁለት ጆሮዎች ስላሏችሁ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከቀኝ የተነሣ ድምፅ ቀኝ ጆሯችሁን ከመታ በኋላ ግራውን እስኪደርስ ከሰከንድ አንድ ሺኛ ያነሰ ጊዜ ይዘገያል፤ ጭንቅላታችሁም ከለላ ስለሚሆነው ትንሽ ደክሞ ይደርሳል። ከፊት የመጣውን ከኋላው ለመለየት ደግሞ የውጭው ጆሮ ቅርጽ ይረዳል። አእምሯችን ይህን ሁሉ ያለ ወረቀትና እርሳስ ያሰላል።

ከባቢ ድምፅ፣ በተለምዶ «ሰራውንድ» የሚባለው፣ ይህንኑ ችሎታ መሠረት ያደረገ ነው። «አምስት ነጥብ አንድ» በሚባለው አሠራር አንድ ድምፅ ማጉያ ከአድማጩ ፊት ለፊት፣ ሁለቱ በፊት በግራና በቀኝ፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ከጎን ትንሽ ወደ ኋላ ይቆማሉ። «ነጥብ አንድ» የተባለው ቡፈሩ ነው፤ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ስለሚያወጣ እንደ ሙሉ ማጉያ አልተቆጠረም። ወፍራም ድምፅ ከየት እንደ መጣ ጆሮ አጥርቶ ስለማይለይ፣ ቡፈሩን በማንኛውም ጥግ ማስቀመጥ ይቻላል። ዶልቢ ዲጂታል የተባለው የዚህ ዓይነት ድምፅ በሲኒማ ቤቶች መሰማት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ይሁንና በሲኒማና በጌም መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። በሲኒማ የመኪናው ድምፅ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ተወስኗል። በጌም ግን ተጫዋቹ በተንቀሳቀሰ ቁጥር በስተቀኙ የነበረው በስተኋላው ስለሚሆን፣ መሣሪያው ድምፁን በየቅጽበቱ እንደገና ማከፋፈል አለበት። በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ይህን በቅጽበት ያደርግ ነበር።

አራት ቴሌቪዥን ጎን ለጎን በተደረደረበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ከባቢ ድምፅ የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም። የአንዱ ጌም ጭብጨባ የሌላው ጌም ፊሽካ ይሆናል። ቴሌቪዥኑ አንድ ቢሆን እንኳ አምስቱ ማጉያዎች በትክክል የሚሰሙት በመካከል ለተቀመጠው ሰው ነው። ስለዚህ በር ላይ የተጻፈው «ሰራውንድ» ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው የድምፁን መብዛት ነው፤ መብዛትና መክበብ ግን የተለያዩ ግሦች ናቸው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ከአምስት ማጉያ ይልቅ አንድ የጆሮ ማዳመጫ ይሻላል። ፕሌይስቴሽን 5 በሁለት የጆሮ ማዳመጫ ብቻ የፊቱን፣ የኋላውንና የላዩን ድምፅ ለይቶ ለማሰማት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው።

በጽሑፍ ውስጥ ድምፅን የሚያዞሩት መስተዋድዶችና የአቅጣጫ ቃላት ናቸው። «ጭብጨባ ተሰማ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ድምፁን ከአንድ ማጉያ ያወጣዋል። «ጭብጨባው ከበስተግራ ተነሣ፤ በኋላችን ዞሮ በስተቀኝ ጠፋ» የሚለው ግን አንባቢውን በመካከል ያስቀምጠዋል። አማርኛችን በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። «ከ» መነሻውን፣ «ወደ» መድረሻውን፣ «በስተ» ወገኑን ያመለክታል፤ «ራስጌ»፣ «ግርጌ»፣ «ማዶ»፣ «ወዲህ» እያለ የሰውን ገላና የመሬቱን አቀማመጥ ለመለኪያ ይጠቀማል። ከ«አለ» ጋር የሚነገሩትን የድምፅ ቃላትም አትርሱ። ኳሱ ብረቱን ሲመታ «ቋ» ይላል፤ ቡፈሩ «ድም» ይላል፤ መኪና በአጠገብ ሲያልፍ «ሽው» ይላል። እነዚህን የንግግር ቃላት እንጂ የድርሰት ቃላት አይደሉም የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን በቦታቸው ከገቡ ከሦስት ቅጽል ይበልጣሉ እንላለን።

ረ/ የውሰት ቃላት

«ኤችዲ»፣ «ፒክስል»፣ «ጆይስቲክ»፣ «ቡፈር» የሚሉት የውሰት ቃላት ናቸው። በድርሰታችሁ ውስጥ ልትጠቀሙባቸው ትችላላችሁ፤ አንባቢ የሚያውቀውን ቃል በማያውቀው አዲስ ቃል መተካት ማስረዳት አይደለም። ይሁን እንጂ መጀመሪያ ሲገቡ በአማርኛ ይፈቱ፤ «ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራበት ነጥብ» እንደ ማለት። ዝግጁ የሆነ የአማርኛ ቃል ሲኖር ደግሞ እርሱ ይቅደም። «በቴሌቪዥን መስኮት» ማለት ቋንቋው ራሱ የለመደው አነጋገር ስለ ሆነ፣ በዚህ ትምህርት «ስክሪን» ማለት አላስፈለገንም። «ድምፅ ማጉያ»ም እንዲሁ ነው።

መልመጃ

1. ከዚህ በላይ በ«ሀ» ሥር የቀረበውን የተማሪ አንቀጽ «በጣም» የሚለውን ቃል ሳትጠቀሙ እንደገና ጻፉ። የምታውቁትን አንድ ቤት አስቡ። ቴሌቪዥኑ ስንት ኢንች ነው? ገመዱ ምን ዓይነት ነው? የመሐል ሜዳው ክብ ክብ ነው ወይስ ሞላላ?

2. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ንጽጽራቸው የተሟላ እንዲሆን አድርጋችሁ አስተካክሉ።
ሀ) ፕሌይስቴሽን 5 ይሻላል።
ለ) ሰፊው መስኮት እጥፍ ያሳያል።
ሐ) ከኋላ የተቀመጠ ሰው ብዙ አይታየውም።

3. አንድ አባት ለልጃቸው መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ አጠራቅመዋል። ቤታቸው ያለው ቴሌቪዥን ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ቀዳዳ ብቻ ያለው አሮጌ ቴሌቪዥን ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ቢገዙ ምን እንደሚገጥማቸው በአክብሮት የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤ ጻፉላቸው። «ስለዚህ» እና «ምክንያቱም» የሚሉትን መስተጻምሮች ቢያንስ አንድ አንድ ጊዜ ተጠቀሙ።

4. ሰበታ በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷ የታወቀች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው «ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል ሁለት» የተባለው ጌም ዓይነ ስውር ተጫዋቾች በድምፅ ምልክት እየተመሩ እንዲጫወቱት ታስቦ ተዘጋጅቷል፤ በ2023 የወጣው «ፎርዛ ሞተርስፖርት» የተባለው የመኪና እሽቅድምድም ጌምም መንገዱ የሚታጠፍበትን በድምፅ የሚያመለክት መርጃ አለው። ለእነዚህ ተጫዋቾች ድምፁ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ቅንጦት ሳይሆን መንገዱ ራሱ ነው። አንድ ዓይነ ስውር የዕድሜ እኩያችሁ በእነዚህ ጌሞች ሲጫወት አጠገቡ ተቀምጣችኋል እንበል። እርሱ የሚሰማውን እናንተም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከሰማችሁ በኋላ፣ ድምፁ የተንቀሳቀሰበትን አቅጣጫ በየተራው የሚገልጽ ሁለት አንቀጽ ጻፉ። አንድም ቀለም አትጥቀሱ።

5. ለዚሁ እኩያችሁ ሰፊው መስኮት ምን እንደ ሆነ አስረዱት። ወርድና ቁመቱን በእጅ በሚዳሰስ ነገር፣ ለምሳሌ በደብተርና በጠረጴዛ፣ ለኩለት። «አየ» የሚለውን ግሥ መተው የለባችሁም፤ በአማርኛ «ቅመሰውና እየው»፣ «ዳስሰህ እይ» ይባላልና። ግሡን ስትጠቀሙበት ግን በዚህ ሰፊ ትርጉሙ ይሁን።